ስሎፕና አንድ ነጥብ ሲሰጥ፦ (−6, 5) ላይ ልጆቹ 9ን ከየት ነው የሚያመጡት?

ሒርማታ አስጠኚ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ ጅማ ለ10ኛ ክፍል ልጆች ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ እናስጠናለን፤ አንዲት ጥያቄ አላላውስ ብላናለች።

ስሎፑ −2/3 ሆኖ በነጥብ (−6, 5) የሚያልፈው መስመር እኩልዮሹ የትኛው ነው?

ሀ) ዋይ = (−2/3)ኤክስ + 1
ለ) ዋይ = (−2/3)ኤክስ + 9
ሐ) ዋይ = (2/3)ኤክስ + 9
መ) ዋይ = (−2/3)ኤክስ − 8/3

አብዛኛው ልጅ ለን ይመርጣል። ቀመሩን ብትጠይቋቸው ሀ ሁ እንደሚሉ ያንበለብሉታል፦ ዋይ − ዋይ1 = ኤም(ኤክስ − ኤክስ1)። ቁጥር ሲገባበት ነው የሚበላሸው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ይህን ስሕተት ከሥሩ የሚነቅል አካሄድ አላችሁ ወይ? ሁለተኛ፣ በዚህ ቀመር ይሂዱ ወይስ በዋይ = ኤምኤክስ + ቢ (ኤም ስሎፑ፣ ቢ መስመሩ ዋይ ዘንግን የሚቆርጥበት ቁጥር)? አስጠኚዎቹም ራሳችን አልተስማማንም።

ከስልክ ስለምጽፍ ኤክስና ዋይን በፊደላችን ነው ያሰፈርኳቸው፤ እናንተም እንዲያው ብትቀጥሉ ክሩ አንድ ወጥ ይሆናል።

ጠመኔ፦

ጥያቄውን ያወጣው ሰው ሥራውን ያውቃል። ሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የአንድ የታወቀ ስሕተት ውጤት ነው።

ለን የመረጠው ልጅ (ኤክስ + 6) ማለት ሲገባው (ኤክስ − 6) ብሏል። ቀመሩ ውስጥ ያለውን የመቀነስ ምልክትና የ−6ን ምልክት እንደ አንድ ምልክት ቆጥሯቸዋል። −2/3 በ−6 ሲባዛ 4፣ በዚያ ላይ 5 ሲደመር 9። ሐን የመረጠው ቅንፉን በትክክል ሞልቶ የስሎፑን ኔጌቲቭ መንገድ ላይ ጥሎታል። መን የመረጠው ደግሞ ነጥቡን ገልብጦ −6ን ለዋይ፣ 5ን ለኤክስ ሰጥቷል። ስለዚህ መልሱን ከማረም በፊት የመረጠውን ፊደል እዩ፤ ልጁ የትኛው እርምጃ ላይ እንደሳተ ከዚያ ይታወቃል።

የለ ስሕተት የሚመጣው ቀመሩ በዜማ ስለተያዘ ነው። ቀመሩ እኮ የስሎፕ ትርጉም ራሱ ነው፤ የዋይ ለውጥ ለኤክስ ለውጥ ሲካፈል። ለውጥ ደግሞ ከደረሱበት ላይ የተነሱበትን መቀነስ ነው። ከ−6 ተነስቶ ኤክስ ላይ ለደረሰ ሰው ለውጡ ኤክስ − (−6) ነው፣ ማለትም ኤክስ + 6። ሰሌዳው ላይ የቁጥር መስመር ሥላችሁ «ከ−6 እስከ 2 ስንት ነው?» ብትሏቸው ሁሉም 8 ይላሉ። ቀጥላችሁ 2 − 6 ስንት እንደሆነ ጠይቁ። −4 ሲመጣ የቱ ጋ እንደተጣላ ራሳቸው ያዩታል።

ለሥራው ግን ባዶ ቅንፍ አስጽፏቸው፦

ዋይ − ( ) = ( )(ኤክስ − ( ))

ቁጥሩ ከነምልክቱ ቅንፉ ውስጥ ይገባል፤ ሳይሞላ ምንም ነገር አይቀልም፦

ዋይ − (5) = (−2/3)(ኤክስ − (−6))

ከዚህ በኋላ ነው ማቅለል። ዋይ − 5 = (−2/3)(ኤክስ + 6)፣ ቀጥሎ ዋይ − 5 = (−2/3)ኤክስ − 4፣ በመጨረሻ ዋይ = (−2/3)ኤክስ + 1። ሦስተኛው መስመር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ −2/3ን በኤክስ ብቻ አባዝተው 6ን እንዳለ የሚተዉ አሉ። ለዚህም ከቅንፉ ውጭ ካለው ቁጥር ወደ ሁለቱም ቀስት ማሳል ይረዳል።

ሲጨርሱ ነጥቡን መልሰው ያስገቡ። ኤክስ −6 ሲሆን (−2/3)(−6) + 1 = 5፤ ልክ ነው። ለ ላይ ቢሞክሩት 13 ይመጣል።

ከጅሬን በታች፦

እኔ በቢ በኩል ነኝ። መምህር የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ለፈተና ይረዝማል። ዋይ = ኤምኤክስ + ቢ ላይ የታወቁትን ሦስቱን ወዲያው አስገባ፦

5 = (−2/3)(−6) + ቢ
5 = 4 + ቢ
ቢ = 1

አለቀ። ቀመሩ ውስጥ የመቀነስ ምልክት ስለሌለ ለ የሚባለው ስሕተት መግቢያ የለውም። ልጆቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቁት ቅርጽም ነው፤ አዲስ ቀመር አይሸከሙም። አደጋው አንድ ነው፦ 5 = 4 + ቢ ብለው 9 የሚሉ አሉ፤ 4ቱ ሲሻገር ምልክት እንደሚቀይር ስለሚረሱ። «ይሻገራል» የሚለውን አነጋገር ትታችሁ ከሁለቱም ወገን 4 ቀንሱ በሏቸው።

ግራፍ ላይ ማየትም አይከፋም። ከ(−6, 5) ተነስተህ 3 ወደ ቀኝ፣ 2 ወደ ታች፦ (−3, 3)። አሁንም፦ (0, 1)። ቢ እዚያው ዋይ ዘንግ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ወደ ግራ መሄድ የፈለገ 3 ወደ ግራ፣ 2 ወደ ላይ ይበል። ኔጌቲቩን ለላዕሉም ለታሕቱም ሰጥቶ «3 ወደ ግራ፣ 2 ወደ ታች» ያለ ልጅ ግን የ2/3 መስመር ነው የሣለው፤ ሐ ማለት ነው።

ጠመኔ፦

ወንድሜ፣ −6 በ3 ስለሚካፈል ነው የቀለለህ። ነጥቡ (7, 4)፣ ስሎፑ 3/5 ቢሆንስ? በአንተ መንገድ 4 = 21/5 + ቢ፣ ቢ = 20/5 − 21/5 = −1/5። ካልኩሌተር በሌለበት ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ክፍልፋይ መቀነስ ላይ ነው። በነጥቡ ቀመር ደግሞ ገና ከመጀመሪያው በ5 አባዝተህ ክፍልፋዩን ታስወግዳለህ፦

ዋይ − 4 = (3/5)(ኤክስ − 7)
5ዋይ − 20 = 3ኤክስ − 21
3ኤክስ − 5ዋይ = 1

ምርጫዎቹ በዚህ መልክ ሲቀርቡ ከዚህም የሚያጥር አለ። ስሎፑ 3/5 ከሆነ ግራው በኩል 3ኤክስ − 5ዋይ እንደሚሆን ሳትሠራ ታውቃለህ፤ ላዕሉ ለኤክስ፣ ታሕቱ ምልክቱ ተቀይሮ ለዋይ። ቀኙን ለማግኘት ነጥቡን አስገባ፦ 3(7) − 5(4) = 1። በመጀመሪያው ጥያቄም ስሎፑ −2/3 ስለሆነ 2ኤክስ + 3ዋይ፤ ነጥቡ ሲገባ −12 + 15 = 3። መልሱ 2ኤክስ + 3ዋይ = 3። ይህን ግን ትርጉሙ ሳይገባቸው አታሳዩአቸው፤ ሌላ ዜማ ይሆንባቸዋል።

ቆጪ ማታ፦

ጣልቃ ልግባ። ስሎፕ ማለት (ዋይ − 5)/(ኤክስ + 6) = −2/3 ከሆነ እዚያው ላይ ትቶ «እኩልዮሹ ይኼ ነው» ማለት ለምን አይቻልም? ማባዛቱ ለማሳመር ብቻ ነው?

ጠመኔ፦

አይደለም፤ ማባዛቱ አንድ ነጥብ ያድናል። በማካፈል መልኩ ላይ ኤክስ −6 ሲሆን ታሕቱ ዜሮ ይሆናል። በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ያ እኩልዮሽ በሌሎቹ የመስመሩ ነጥቦች ሁሉ ላይ ይሠራል፤ በ(−6, 5) ላይ ብቻ አይሠራም። የተነሣንባት ነጥብ ራሷ ትጎድላለች ማለት ነው። በ(ኤክስ + 6) ስናባዛው 0 = 0 ሆኖ ነጥቧም ትገባለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለጎበዞቹ ስጧቸው።

ቀያሽ ጅማ፦

ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ፈተና ነው። መንገድና ቦይ ሥራ ላይ ግን ቢን የሚፈልግ ሰው የለም። ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ ለማስያ ብቻ ናቸው። ወደ አዌቱ የሚወርድ የጎርፍ ቦይ አለ እንበል። ቼይኔጅ (ከመነሻው የተለካ ርቀት) 0+040፣ ማለትም 40 ሜትር ላይ የቦዩ ወለል ከፍታ 1,710.40 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 1 ፐርሰንት። እኩልዮሹ፦

ዋይ − 1,710.40 = −0.01(ኤክስ − 40)

0+100 ላይ ስንት ነው? ከ40 እስከ 100 ያለው 60 ሜትር፣ በ0.01 ሲባዛ 0.60፣ ስለዚህ 1,709.80። ወደ ላይ 0+025 ላይስ? ኤክስ − 40 = −15፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ +0.15፣ ስለዚህ 1,710.55። ቢን ብታወጡት 1,710.80 ይመጣል፤ ግን ቦዩ ከ0+020 የሚጀምር ከሆነ 0+000 ላይ ወለል የሚባል ነገር የለም። የነጥቡ ቀመር የሚመቸው ስለዚህ ነው፤ የተለካ ቦታ ላይ ቆመህ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ትቆጥራለህ።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንዱ ምልክቱ፦ ቁልቁለት ሆኖ +0.01 ከገባ 0+100 ላይ 1,711.00 ይወጣል። ከትክክለኛው በ1.20 ሜትር ይበልጣል፤ በጅማ ዝናብ ውሃው ወደ መጣበት ይመለሳል። ሌላው ፐርሰንቱ፦ 1 ፐርሰንትን 1 ብሎ ያስገባ በ60 ሜትር 60 ሜትር ስለሚያወርድ ወዲያው ይነቃበታል፤ 0.1 ያስገባው ግን 6 ሜትር ስለሚያወርድ ዳገታማ ሰፈር ላይ ዓይን ሊያልፈው ይችላል። ሦስተኛው ዲግሪና ፐርሰንትን ማምታታት ነው። 1 ዲግሪ 1.75 ፐርሰንት ያህል ነው፤ በ60 ሜትር ላይ 60 ሳንቲሜትር የነበረው ከ1 ሜትር በላይ ይሆናል።

ሒርማታ አስጠኚ፦

ገለቶማ፣ ቀያሽ። ይህን ለልጆቹ እወስደዋለሁ። የጽሑፍ ጥያቄ ላይ ግን ሌላ ችግር አለብን፤ የቱ ስሎፕ፣ የቱ ነጥብ እንደሆነ አይለዩም። ቢ ያልሆነውን ቁጥር ቢ ያደርጉታል።

አጂፕ ሰፈር፦

ቤታቸው ባለው ነገር አስጀምሯቸው። ሮቶ! 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ውስጥ የተረፈ ውሃ አለ። የቧንቧው ውሃ መጥቶ መሙላት ከጀመረ 4 ደቂቃ ሲሆነው 180 ሊትር ደረሰ፤ በደቂቃ 25 ሊትር ይገባል።

መጀመሪያ ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለውን መለኪያ ያስምሩበት። 25 «ሊትር በደቂቃ» ነው፤ ሁለት መለኪያ አንዱ ለሌላው ተካፍሎ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ስሎፑ እሱ ነው። 4 ደቂቃና 180 ሊትር ጥንድ ናቸው፤ ነጥቡ (4, 180)።

ዋይ − 180 = 25(ኤክስ − 4)
ዋይ = 25ኤክስ + 80

ዋይ = 25ኤክስ + 180 የሚል ልጅ አይጠፋም። 4 ደቂቃ ላይ ያስገባው፤ 280 ሊትር ይሰጠዋል፣ ጥያቄው ግን 180 ብሏል። 180ን ቢ ለማድረግ መለኪያው የተነበበው በ0 ደቂቃ መሆን ነበረበት። 80ው ደግሞ ትርጉም አለው፤ ውሃው ሳይመጣ የነበረው ነው። መቼ ይሞላል? 1,000 = 25ኤክስ + 80፣ ኤክስ = 36.8 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ እኩልዮሹ አይሠራም፤ ይፈሳል እንጂ 1,100 ሊትር አይገባም። ስለዚህ ከ0 እስከ 36.8 ብለው ወሰኑን አብረው ይጻፉ።

ሲለምዱት ጥያቄውን አጥምሙባቸው፦ «100 ሊትር በ4 ደቂቃ ይገባል» በሉ። 4/100 ብሎ የሚያካፍል ይኖራል፤ እሱ «ደቂቃ በሊትር» ነው። የሚፈለገው ሊትር ከሆነ ሊትሩ ላዕል ላይ ይቀመጣል፣ 100/4 = 25።

አልጋ ላይ ያለ ቡና፦

ወሰኑን ካነሣችሁት ለዚህ አገር ልጅ የሚጥም ምሳሌ ልጨምር። የታጠበ ቡና የማድረቂያ አልጋ ላይ እየደረቀ ነው። በ3ኛው ቀን እርጥበቱ 40 ፐርሰንት፣ በቀን 5 ፐርሰንት ይቀንሳል ይባል። ዋይ − 40 = −5(ኤክስ − 3)፣ ማለትም ዋይ = −5ኤክስ + 55። ለማከማቸት የሚፈለገው 11.5 ፐርሰንት ነው ብንል፣ እዚያ የሚደርሰው በ8.7ኛው ቀን ነው። ሒሳቡ ንጹሕ ነው።

አሁን 11ኛው ቀን ላይ ስንት እንደሚሆን ጠይቋቸው። ዜሮ! እዚህ ላይ የቡና ገበሬ ልጅ ይስቃል። ቡና እንዲህ በቀጥታ መስመር አይደርቅም፤ መጀመሪያ ላይ ውሃው ከላይ ስለሆነ በፍጥነት ይወጣል፣ ኋላ ከፍሬው ውስጥ መውጣት ስላለበት እየዘገየ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲመጣጠን ይቆማል። ግራፉ እየተኛ የሚሄድ ጎባጣ ነው። ቀጥታው መስመር ከሁለት ቀን ልኬት መካከል ላለው ጊዜ ያገለግላል፤ በእሱ ተማምኖ 9ኛው ቀን ላይ ጆንያ ውስጥ የከተተ ግን ቡናው ገና ርጥብ ስለሆነ ሻጋታ ይጠብቀዋል።

ቆጪ ማታ፦

ስሎፑ ዜሮ ሲሆንና ስሎፕ የለውም ሲባልስ?

ከጅሬን በታች፦

በ(4, −7) የሚያልፍ ይሁን። ስሎፑ ዜሮ ከሆነ ዋይ + 7 = 0(ኤክስ − 4)፣ ዋይ = −7፤ አግድም የተኛ ነው። ስሎፕ የለውም ከተባለ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ሁለቱም ቀመሮች አይገቡበትም፣ ምክንያቱም ኤም ቦታ ላይ የሚቀመጥ ቁጥር የለም። ዝም ብሎ ኤክስ = 4 ነው። «የለውም»ን 0 ብሎ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው።

ቀያሽ ጅማ፦

አንድ ነገር ሳይባል እንዳያልፍ። ከላይ «ነጥቡን መልሶ ማስገባት» እንደ ማረጋገጫ ተነግሯል። ብቻውን አይበቃም። ምርጫ ሐ ላይ −6ን አስገቡ፦ (2/3)(−6) + 9 = 5። አለፈ! ስሕተት ሆኖ ሳለ በነጥቡ ያልፋል፤ የሳተው ስሎፑን ስለሆነ። በአንድ ነጥብ የሚያልፍ መስመር ስፍር ቁጥር የለውም፤ ነጥቡን ማስገባት ስሎፑን አይመረምርም። ስለዚህ ሁለት ፍተሻ ነው፦ ነጥቡ ለንና መን ይጥላል፣ ከኤክስ ጎን ያለው ቁጥር ሐን ይጥላል። በዚህ መንገድ ይህች ጥያቄ ቀመር ሳይነካ በግማሽ ደቂቃ ትመለሳለች።

ሒርማታ አስጠኚ፦

ልብ የሚያሳርፍ ነው። ለቅዳሜ እነዚህን አሰናድቻለሁ፤ የሚሻሻል ካለ በሉኝ።

1) ስሎፕ 3/4፣ ነጥብ (−8, −1)። መልስ፦ ዋይ = (3/4)ኤክስ + 5
2) ስሎፕ −5፣ ነጥብ (2/5, 3)። መልስ፦ ዋይ = −5ኤክስ + 5
3) በ(1, 4) እና በ(2, 7) የሚያልፍ፤ አንዱ ቡድን በመጀመሪያው ነጥብ፣ ሌላው በሁለተኛው ይሥራ። መልስ፦ ለሁለቱም ዋይ = 3ኤክስ + 1
4) ለ4ኤክስ − 5ዋይ = 10 ቀጤ ነክ ሆኖ በ(3, −2) የሚያልፍ። መልስ፦ 5ኤክስ + 4ዋይ = 7

ጠመኔ፦

1ኛዋ ደህና ናት፤ ሁለቱም ኔጌቲቭ ስለሆኑ ባዶ ቅንፉን ያስለምዳሉ። 2ኛዋ ላይ ክፍልፋዩ ስሎፑ ሳይሆን ነጥቡ ውስጥ መግባቱ ጥሩ ነው፤ −5 በ−2/5 ተባዝቶ +2 ሲሆን ክፍልፋዩ ይጠፋል። 3ኛዋ በየትኛውም ነጥብ ቢነሱ መስመሩ አንድ መሆኑን ታሳያለች፤ ከመቅለሉ በፊት ዋይ − 4 = 3(ኤክስ − 1) እና ዋይ − 7 = 3(ኤክስ − 2) የተለያየ መስለው ስለሚታዩ ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አስቀሩ።

4ኛዋን ምርጫ አድርጓት። ከመልሱ ጋር 4ኤክስ − 5ዋይ = 22 እና 5ኤክስ − 4ዋይ = 23 ይግቡ። የመጀመሪያው ትይዩውን የሠራ ልጅ መልስ ነው፤ ሁለተኛው ስሎፑን 4/5ን ገልብጦ 5/4 ያለ፣ ምልክቱን ግን ያልቀየረ። ሁለቱም በ(3, −2) ስለሚያልፉ ነጥቡን ብቻ አስገብቶ የሚፈትሽ ልጅ ሦስቱንም ልክ ብሎ ይቆማል፤ ስሎፑን ወደ ማየት የሚሄደው ያኔ ነው። አራተኛ ምርጫ ካስፈለገ ነጥቡን የገለበጠው 5ኤክስ + 4ዋይ = 2 አለ።